የሰው እጅ ሳታይ የኖረች እናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ ስለ አንዲት አረጋዊት እናት ብዙ ጊዜ የሚነገር ነገር አለ። «የሰው እጅ ሳታይ ኖራ ሞተች» ይባላል። ትልቅ ምስጋና ነው። ሰሚውም «እውነት ነው» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። አያቴ ባረፈች ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ጎረቤቶቿ ይህንኑ ሲደጋግሙት ሰማሁ። አልተጋነነም። ባሏ በወጣትነቷ ሞቶባት አራት ልጆች ብቻዋን አሳድጋለች። እኛም የልጅ ልጆቿ የተወሰንነው ያደግነው እሷ ቤት ነው። ዘጠናን አልፋ ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ የበላችው በገዛ እጇ የሠራችውን ነው።

ሙት ዓመቷን ካወጣን በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ውስጤ ቀረ። ይህ ምስጋና በእግዚአብሔር ፊትም ምስጋና ነው ወይ? ዐውደ ምሕረት ላይ «ራሴን ችያለሁ ማለት ትዕቢት ነው፤ ሰው ያለ ፈጣሪው ምንም ነው» ሲባል እንሰማለን። እሱም እውነት ነው። ታዲያ ራሷን ችላ የኖረችን እናት ስናመሰግን ምኗን ነው የምናመሰግነው? ዛሬ በዚህ ላይ አብረን እናስብ።

መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 31ን ብዙዎቻችን የምንሰማው ሠርግ ላይ ነው። ለሙሽራ ይነበባል። እኔ ግን የአያቶች ምዕራፍ ይመስለኛል። መጀመሪያውን ብታዩት እናት ለልጇ ያስተማረችው ቃል ነው። መጨረሻው አካባቢ ደግሞ ልጆቿ ተነሥተው ምስጋናዋን ይናገራሉ። ልጅ ተነሥቶ ስለ እናቱ ለመመስከር ማደግ አለበት። ዘመን ማለፍ አለበት። ይህች ሴት ገና ትናንት የተሞሸረች አይደለችም፤ ኖራ የታየች ናት።

ከምዕራፉ ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች ላይ ቆም እንበል። ቁጥር 19 «እጅዋን ወደ አመልማሎ ትዘረጋለች፥ ጣቶችዋም እንዝርትን ይይዛሉ» ይላል። ቁጥር 20 ወዲያው ተከትሎ «እጅዋን ወደ ድሀ ትዘረጋለች፥ ወደ ችግረኛም እጅዋን ትሰድዳለች» ይላል። ያው እጅ ነው። እንዝርት የያዘው እጅ ነው ለድሀ የተዘረጋው። መጽሐፍ ቅዱስ የዚህችን ሴት ሥራ ከምጽዋቷ ነጥሎ አያወራም። ቅዱስ ጳውሎስም ሰው በገዛ እጁ እየሠራ ይድከም ሲል ምክንያቱን አብሮ ይነግረናል፤ «ለጎደለው የሚያካፍለው እንዲኖርለት» (ኤፌ. 4፥28)። የምንሠራው ከሰው ለመላቀቅ ሳይሆን ለሰው የሚተርፍ እንዲኖረን ነው ማለት ነው።

አያቴ ፈታይ ነበረች። ከቡልጋ ወጥታ አዲስ አበባ ጉለሌ ከገባች ጀምሮ ልጆቿን ያሳደገችው በፈትል ነው። ጥጥ ከገበያ ትገዛለች። ፍሬውን ታወጣለች፤ በደጋን ትነድፈዋለች፤ ከዚያ እየጠቀለለች አመልማሎ ታደርገዋለች። አጠር ያለች ዱካ ላይ ትቀመጥና እንዝርቷን ጭኗ ላይ ታሽከረክራታለች። አመልማሎውን የያዘው ግራ እጇ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይነሣል። ጥጡ ከጣቷ ሥር እየቀጠነ ክር ሆኖ ይወርዳል። እጇ እስከሚደርስበት ሲረዝም መልሳ እንዝርቱ ላይ ትጠመጥመዋለች። እንደገና ታሽከረክራለች። ለድር የሚሆነውን ጠበቅ አድርጋ ታከርረዋለች፤ ለማግ የሚሆነውን ላላ ታደርገዋለች። ዓይኗ ከደከመ በኋላ እንኳ ሁለቱን በጣቷ ዳብሳ ትለያቸው ነበር። ልቃቂቱ ሲበረክት ሽሮ ሜዳ ይዛው ሄዳ ለሸማኔዎች ትሸጣለች። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። ክሯ ስለማይበጠስባቸው ይፈልጓታል፤ ጥጥ ሲወደድም ቅድሚያ ብር ይሰጧት ነበር።

ከገበያ ስትመለስ የምታደርገውን ልጅ ሆኜ ደጋግሜ አይቻለሁ። ነጠላዋን ታወርድና ብሩን ጫፉ ላይ ትቋጥራለች። አንዱ ቋጠሮ የቤት ነው። ሌላው የዕድር ነው። ሦስተኛ ትንሽ ቋጠሮ ደግሞ ነበረች። የዚያችን ቋጠሮ ጉዳይ ማንም አይጠይቅም፤ ብንጠይቅም መልስ የለም። ሳምንት ሳይሞላት ትፈታለች። ብሩ የት እንደገባ ያወቅነው ለቅሶው ላይ ነው። አንዲት ሴት መጥታ ልጇ ታሞ ሳለ የመድኃኒቱን ማን እንደከፈለላት ነገረችን። አንድ ትልቅ ሰው ደግሞ ተማሪ ሆኖ ደብተሩንና እስክሪብቶውን ማን ይገዛለት እንደነበር እያለቀሰ አወራ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ ተፈናቅላ የመጣች እናት ከነሕፃኗ እኛ ቤት መሰንበቷን የሰማሁትም ያን ቀን ነው። እናቴ እንኳ «ዘመዳችን ናት ብላኝ ነበር» አለች።

እንግዲህ የሰው እጅ አላየችም። የእሷን እጅ ያዩ ግን ብዙ ነበሩ። «ራሷን የቻለች» የሚለው ቃል እንደ እኔ እምነት ሙሉ የሚሆነው ይህ ሲጨመርበት ነው። ማንንም የማይለምን፣ ግን ለማንም የማይተርፍ ሰው ራሱን ቻለ ሊባል ይችላል። ቅዱስ መጽሐፍ የሚያመሰግነው እንዲህ ዓይነቱን አይደለም። ባለጠጋው ሰውዬ በሉቃስ 12 ላይ ራሱን የቻለ ነበር። ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ፣ ለብዙ ዘመን የሚሆን ሊያከማች፣ ነፍሱን «ብዪ፣ ጠጪ» ሊላት ነበር ሐሳቡ። እግዚአብሔር «አንተ ሰነፍ» አለው።

ሌላም ነገር አለ። የሰው እጅ ያላየችው ምንም እጅ ስለማታይ አልነበረም። መዝሙረኛው በመዝሙር 122 (በሌላው አቆጣጠር 123) ላይ የአገልጋዮች ዓይን ወደ ጌቶቻቸው እጅ እንደሚመለከት፣ የአገልጋይቱም ዓይን ወደ እመቤቷ እጅ እንደሚመለከት፣ እንዲሁ የእኛም ዓይን ማረን እስኪል ድረስ ወደ አምላካችን ነው ይላል። አያቴ ዓይኗን የጣለችው እዚያ ነበር። ይህን ለማሳመር አላልኩትም።

ቅዳሜ ማታ እንዝርቷን ታስቀምጣለች። እሑድ አትፈትልም። በ12 ሚካኤል አትፈትልም። በ21 ማርያም አትፈትልም። በዐበይት በዓላትማ አይታሰብም። ይህን በወር ደመወዝ ከሚኖር ሰው ኑሮ ጋር አታወዳድሩት። እሷ የምታገኘው በፈተለችው ልክ ነው። እጇ ባረፈ ቀን ገቢም የለም፤ ልጆቹ ግን በዓል ብለው መብላት አያቆሙም። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን «እማማ፣ ለልጆች ተብሎ ቢሠራ እኮ እግዚአብሔር አይቀየምም» አለቻት። አያቴ ቀና ብላ አየቻትና «እስካሁን እንዝርቴ ያበላቸው መሰለሽ እንዴ?» አለቻት።

በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ብዙ ስብከት አለ። የተናገረችው ሰነፍ አይደለችም። በሥራ ቀን ዶሮ ሳይጮህ የምትነሣ ሴት ናት። እጇ እንደሚሠራ ታውቃለች፤ የሚያበላው እጇ እንዳልሆነም ታውቃለች። እስራኤል በምድረ በዳ መናውን የሚለቅሙት በገዛ እጃቸው ነበር። ካልወጡ አያገኙም። በሰባተኛው ቀን ግን ሊለቅሙ የወጡት ባዶ እጃቸውን ተመለሱ (ዘጸ. 16፥27)። መልቀሙ የእነሱ ነው፤ ማውረዱ የእግዚአብሔር ነው። በእኛ ዘመን ራስን መቻል ሲባል የጎደለን ይህ ይመስለኛል። ቅዳሴ ቆመን እንኳ ስልካችን ውስጥ ያለው ሥራ አይለቀንም። ብናቆም የሚፈርስ ይመስለናል። በዓል ማክበር ለአያቴ ሕግ ከመፈጸም ያለፈ ነበር። በየወሩ ደጋግማ ማን እንደሚያኖራት የምትመሰክርበት መንገድ ነበር።

ወደ ለቅሶው ልመልሳችሁ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ በኢዮጴ የሞተች ጣቢታ የምትባል ደቀ መዝሙር አለች። ዶርቃም ይሏታል። ቅዱስ ጴጥሮስ ቅርብ ከሆነችው ከልዳ ተጠርቶ መጣ። ወደ ሰገነቱ ሲያወጡት መበለቶቹ ሁሉ እያለቀሱ ከበቡት። ምን አሳዩት? «ዶርቃ ከእነርሱ ጋር ሳለች ያደረገቻቸውን ቀሚሶችንና ልብሶችን»። ስለ ዶርቃ ባል ስለ ዶርቃ ልጆች መጽሐፉ አንድም ቃል አይነግረንም። ስንት ዓመት እንደኖረችም አናውቅም። የሕይወት ታሪኳ የተነበበው ከሰው ገላ ላይ ነው።

እኛ አገር አሁን አሁን ቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ በወረቀት ይነበባል። መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ቢሮ ሠርታ ለማታውቅ፣ ትምህርት ቤት ላልገባች እናት ያ ወረቀት ምን ያህል እንደሚያጥር አስተውላችኋል? በዚህ ዓመት ተወለዱ፣ ትዳር መሠረቱ፣ ይህን ያህል ልጆችና የልጅ ልጆች አፈሩ፣ ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው ዐረፉ። የአያቴ ግማሽ ገጽ አልሞላም። የተነበበው ሁሉ ትክክል ነበር፤ እሷ ግን እዚያ ውስጥ አልነበረችም። እሷ የነበረችው ከቀባሪው ትከሻ ላይ ነው። ከእሷ ክር የተሠራ ነጠላና ጋቢ የለበሰው ቀባሪ ብዙ ነበር። አንዷ ጎረቤታችን የነጠላዋን ጫፍ ይዛ «ይኸው፣ የእሷ ፈትል ነው» እያለች ለሰው ታሳይ ነበር። የኢዮጴን መበለቶች ያን ጊዜ ነው በደንብ የተረዳኋቸው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ በሕይወት ያሉ እናቶቻችሁንና አያቶቻችሁን ዛሬ ጠይቋቸው። የተወለዱበትን ዓመት ብቻ አይደለም፤ እሱን ብዙዎቹ በትክክል አያውቁትም። አያቴ «ጣሊያን ሲገባ ጥጃ እጠብቅ ነበር» ነው የምትለው። እኛ ከ1928 ዓ.ም. ወደ ኋላ እየቆጠርን እንገምታለን። ጠይቋቸው የምላችሁ ሌላውን ነው። ያንን ክፉ ቀን እንዴት አለፋችሁት? ማን ደረሰላችሁ? ለማን ደረሳችሁ? በእነሱ አፍ የማይወጣውን ደግሞ ጎረቤት ጠይቁ። ደግ ሰው የራሱን ደግነት ስለማይናገር ከሌላው ነው የሚገኘው።

ቅዱስ ጳውሎስ ሁለተኛውን የጢሞቴዎስ መልእክት ሲጽፍ እስር ላይ ነበር፤ ሞቱም እንደቀረበ ያውቃል። ከሰላምታው ቀጥሎ ምን ያነሣል? አንዲት አያት። «ይህም እምነት ቀድሞ በአያትህ በሎይድ በእናትህም በኤውንቄ ነበረባቸው፥ በአንተም ደግሞ እንዳለ ተረድቼአለሁ» (2ጢሞ. 1፥5)። የጢሞቴዎስ አባት የግሪክ ሰው ነበር (ሐዋ. 16፥1)። እምነቱን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የመገቡት ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ሎይድ የሠራችው ተአምር አልተጻፈም። የሰበከችው ስብከት አልተጻፈም። የልጅ ልጇ ግን ጳጳስ ሆኖ ቤተ ክርስቲያንን መራ። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ኅዳር 11 ቀን የቅድስት ሐና ዕረፍት ሲታሰብ «የእመቤታችን እናት፣ የጌታችን አያት» እያልን ነው። አያትነት በእግዚአብሔር ቤት ይህን ያህል ክብር አለው።

የእኔ አያት ትምህርት ቤት አልገባችም ብያለሁ። ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ነው። ያኔ ሃምሳ ገደማ ነበረች። ቀን ስትፈትል ትውልና ማታ ማታ ቀበሌ ሄዳ ልጆቿ ከሚሆኑ ወጣቶች ፊት ትቀመጣለች። የዘመኑ መንግሥት ለራሱ ዓላማ ያስተማራትን ፊደል እሷ ይዛው የሄደችው ወደ ውዳሴ ማርያም ነው። የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ፣ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች ታነባለች። ከዚያ ወደ ዳዊት አለፈች። እኛ የልጅ ልጆቿ ማንበብ የተለማመድነው እሷ ስትሳሳት እያረምን ነው። ለካ እያረምን ሳለ ዳዊቱ በውስጣችን እየገባ ነበር። አንዳንዱን መዝሙር ዛሬም የምሰማው በእሷ ድምፅ ነው።

አሁን ስለ ረጅም ዕድሜ ላንሣ። እናትና አባትህን አክብር፣ ዕድሜህ እንዲረዝም ተብለናል (ዘጸ. 20፥12)። ረጅም ዕድሜ በረከት ነው። ግን በቅርብ ያየው ሰው ዋጋውንም ያውቃል። ብዙ መኖር ብዙ መቅበር ነው። አያቴ ከአራት ልጆቿ ሁለቱን ቀብራለች። ታናናሾቿን ሁሉ ቀብራለች። የዕድር ጓደኞቿ አልቀው በመጨረሻ ከእሷ ጋር የጀመረ ሰው አልነበረም።

በታሪካችንም ይህን ያየች ታላቅ እናት አለች፤ እቴጌ ምንትዋብ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1730 ልጇ ዳግማዊ ኢያሱ ሲነግሥ አብራው ዘውድ ጫነች፤ አገርም አስተዳደረች። ልጇ በ1755 ሞተ። የልጅ ልጇ ኢዮአስ ነገሠ፤ በ1769 እሱም ተገደለ። እሷ ሁለቱንም አልፋ እስከ 1773 ኖረች። ዘመኗ የሥልጣን ሽኩቻ ያልተለየው ነበርና ሁሉንም ሥራዋን ላመሰግን አይደለም ያነሣኋት። እናትነቷን ነው። የመጨረሻ ዘመኗን ያሳለፈችው ጎንደር አጠገብ ራሷ ባሠራችው በደብረ ፀሐይ ቁስቋም ነው። ቁስቋም እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ ስትሰደድ ያረፈችበት ደብር ስም ነው። ልጅና የልጅ ልጅ የቀበረች ንግሥት፣ የስደተኛዋ እናት መታሰቢያ በሆነ ቦታ ዐረፈች። ኀዘኗን ይዛ የምትገባበት ደጅ አስቀድማ ሠርታ ነበር። አያቴም በኀዘኗ ቀን የት እንደምትሄድ አልጠፋባትም። ጠዋት ኪዳን ደርሶ ሲመለሱ ካልሆነ በቀር ማንም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሊላት እቤቷ አያገኛትም ነበር።

በመጨረሻ ጉልበቷ ከዳት። ራሷን ችላ ለኖረች እናት ትልቁ ፈተና ይህ ይመስለኛል። ድህነቱን አሸንፋዋለች፤ ኀዘኑን ችላዋለች። ውኃ የሚያነሣላት፣ ልብስ የሚያለብሳት፣ ገላዋን የሚያጥባት ሰው ሲያስፈልጋት ግን ከበዳት። የአክስቴ ልጅ ልታጥባት ስትል ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አንድ ሁለት ቀን እህል አልቀምስም አለች። «ሸክም ሆንኩ» ነበር ቃሏ።

ጌታ ለጴጥሮስ የተናገረውን አስታውሱ። «አንተ ጎልማሳ ሳለህ ወገብህን በገዛ ራስህ ታጥቀህ ወደምትወደው ትሄድ ነበር፤ ነገር ግን በሸመገልህ ጊዜ እጆችህን ትዘረጋለህ፥ ሌላውም ያስታጥቅሃል» (ዮሐ. 21፥18)። ወንጌላዊው ይህ ጴጥሮስ በምን ዓይነት ሞት እግዚአብሔርን እንደሚያከብር የሚያመለክት መሆኑን ነግሮናል። ቢሆንም ጌታ የመረጠው ምሳሌ እያንዳንዱ ሽማግሌና አሮጊት የሚያውቀው ነው። በራስ መታጠቅ ነበረ፤ በሌላ እጅ መታጠቅ መጣ። ከዚያም ጌታ «ተከተለኝ» አለው። እጅን ዘርግቶ መታጠቅም ጌታን መከተል ነው።

የነፍስ አባቷ መጥተው ሲጠይቋት ነገሩን ነገርናቸው። አጠገቧ ተቀመጡና «እማማ፣ ዕድሜዎን ሙሉ ሲሰጡ ኖሩ። ጽድቁን ብቻዎን ሊጨርሱት ነው እንዴ? አሁን ደግሞ ሌላው በእርስዎ ይጽደቅ እንጂ» አሏት። ዝም አለች። በማግስቱ የአክስቴ ልጅ ውኃ ይዛ ስትመጣ እጇን ዘረጋችላት። ከዚያ በኋላ ማንም ሲያጥባት «እግዜር እጅሽን ይባርከው» ትል ነበር እንጂ «ሸክም ሆንኩ» ስትል አልሰማናትም። መቀበልም ትሕትና እንደሚጠይቅ እኔ ከዚያ ቀን ነው የተማርኩት። ያለ ትሕትና መስጠት ይቻላል። ያለ ትሕትና መቀበል ግን አይቻልም።

ለእኛ ለልጆችና ለልጅ ልጆችም ድርሻ አለን። ሲራክ እናት አባትን በእርጅናቸው እንድንረዳ፣ አእምሯቸው ቢደክም እንኳ እንድንታገሣቸው፣ እኛ ብርቱ ስለሆንን እንዳንንቃቸው ይመክራል (ሲራክ 3)። መርዳት አንድ ነገር ነው፤ ሳያዋርዱ መርዳት ሌላ ነገር ነው። አሜሪካ ያሉት የአጎቴ ልጆች ብር ይልኩላት ነበር። አትመልሰውም፤ ተቀብላ መርቃ ትቋጥረዋለች። ግማሹ ግን ያችኑ ሦስተኛ ቋጠሮ ይገባል። አንዱ ሰምቶ ተቆጣ። «እኛ ለእሷ ብለን ነው የምንልከው፤ እሷ ለሰው ትበትነዋለች» አለ። መቆርቆሩ ይገባኛል፤ የባዕድ አገር ብር በብዙ ድካም ነው የሚገኘው። ቢሆንም ከሰጠናት የእሷ ነው። በራሷ እጅ መስጠቷን ከቀማናት፣ ዳቦ አቅርበን እሷነቷን ወሰድንባት ማለት ነው። ማክበር ማለት ስትደክምም የምትወስነው ነገር እንዲኖራት መተው ነው። የምትበላውን ጠይቋት። የምትለብሰውን ታምርጥ። የሚመጣውን እንግዳ እሷ ትቀበል። ቤቷ የእሷ ይሁን።

ስለ ተዝካርም ጥቂት ልበል። ቤተ ክርስቲያናችን ያንቀላፉትን በየቅዳሴው ታስባለች። ሠልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ 40፣ 80፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፣ ሰባት ዓመት እያለች ትጸልያለች። ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ክርስትና የሚነሡባት ቤተ ክርስቲያን ሲያርፉም ያንኑ 40 እና 80 ቆጥራ ታስባቸዋለች። ጸሎቱ፣ ቅዳሴው፣ ለድሀ የሚሰጠው ምጽዋት ነው ዋናው። ድግሱ አይደለም። ተበድሮ በሬ ጥሎ፣ ዕዳውን ዓመት ሙሉ ሲከፍል የሚኖር ሰው አለ። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ በሕይወት ሳለች ያልጠየቃትን እናቱን ስትሞት በእብነ በረድ የሚያከብራት ነው። ጌታ በማርቆስ 7 ላይ ፈሪሳውያንን የገሠጸው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ቁርባን ነው» ብለው ለመባ አደረጉት፤ ወላጆቻቸውን ሳይረዱ ቀሩ። ለመቅደስ የተሰጠ መባ እንኳ የወላጅን ድርሻ ካልተካ፣ ድግስማ እንዴት ይተካል?

ቅዱስ ጳውሎስ ስለ መበለቶች ሲጽፍ ልጆችን ብቻ አላለም። የልጅ ልጆችንም ጨምሮ «ለወላጆቻቸውም ብድራትን ይመልሱላቸው ዘንድ ይማሩ» ይላል (1ጢሞ. 5፥4)። ብድራት ነው ያለው። ውለታ ውለን የምንመካበት ነገር አይደለም፤ ዕዳችንን ነው የምንከፍለው። ወላጆቻችሁ ላለፉባችሁም ዕዳው አልተሰረዘም። የእነሱ እኩዮች አጠገባችን አሉ።

እኛ ለሙት ዓመቷ ትልቅ ድግስ አልደገስንም። ያስቀየምነው ዘመድ አለ፤ እግዚአብሔር ያስታርቀን። ቅዳሴ አስቀደስን፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያሉትን ድሆች አበላን። የተረፈውን ብር ይዘን የተነጋገርነው በሰፈራችን ስላለች አንዲት ባልቴት ነው። የዕድር መዋጮዋ ተጠራቅሞባት ከመዝገብ ልትሰረዝ ነበር። ለእንዲህ ያለች እናት ከዕድር መውጣት ማለት ቀባሪ ማጣት ማለት ነው። ውዝፉን ከፈልን፤ በየወሩ የሚከፈለውንም ተራ አውጥተን ይዘነዋል። ማን እንደሚከፍልላት አታውቅም፤ ለዕድሩ ጸሐፊም እንዳይነግራት አደራ ብለናል። በየሰፈራችሁ ያለውን የዕድር መዝገብ ብታስፈትሹ እንደ እሷ ያሉ ስሞች አታጡም።

አያቴ ዳዊቷ ውስጥ ከሁሉ የምትደጋግመው መዝሙር 70 (71) ነበር። «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ፥ ጉልበቴም ባለቀ ጊዜ አትተወኝ» የሚለውን። ያረጁ እናቶች ያሉበት ቤት ሁሉ ዛሬ ማታ ይህን መዝሙር አብሯቸው ይጸልይ። ማንበብ የማይችሉ ካሉ አንብቡላቸው። ያንቀላፉትን እናቶቻችንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ያሉትንም በጤና ያቆይልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።